ሰማያዊውን በር ያንኳኳሁ ዕለት

ሽማግሌ ተልኮ የማያውቅ ሰው ይህን ገጠመኝ ሲሰማ ዝም ብሎ ይስቃል። ተልኮ የሚያውቅ ግን መጀመሪያ «በስመ አብ!» ብሎ ያማትባል፣ ከዚያ ነው የሚስቀው። እኔም ዛሬ እየሳቅኩ ነው የማወራችሁ። ያን ዕለት ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

መኮንን እባላለሁ። ነፋስ ስልክ ተወልጄ፣ ነፋስ ስልክ አግብቼ፣ ነፋስ ስልክ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ጡረታ ስላችሁ ከመንግሥት ሥራ ነው እንጂ ከሽምግልና ጡረታ ያወጣኝ የለም። በሰፈራችን ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ጎረቤት በአጥር ሲገፋፋ፣ ወንድማማቾች በውርስ ሲኮራረፉ «መኮንንን ጥሩት» ነው። ሚስቴ አሰለፈች «የሰው ቤት ሲያቀና የራሱ ቤት ቧንቧ ስንት ጊዜው ያንጠባጥባል» ትላለች። እሷ መቼም የምትለው አታጣም።

አንድ ነገር ከአሁኑ ልንገራችሁ፤ እልኸኛ ነኝ። ሰው አስታርቃለሁ እንጂ እኔ ራሴ አንድ ነገር አልኩ ማለት አልኩ ነው። በዚያ ሰሞን አሰለፈች በካልሲ ነበር የምትጨቀጭቀኝ። «አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ አረንጓዴ አድርገህ ልትወጣ ነው?» ትለኛለች። እኔ አያቸዋለሁ፤ ሁለቱም አንድ ናቸው። «ሴትዮ፣ ሰላም አትነሺኝ» ብዬ እወጣለሁ። ሀይሌ ጋርመንት መስቀለኛው ላይ ደግሞ ከጎን የሚመጣ ሰው ሁሉ ይጋጨኛል። «አባት፣ አያዩም እንዴ?» ሲሉኝ «ስልክህ ላይ ተደፍተህ መጥተህ እኔን ትለኛለህ?» እያልኩ ወጣቱን ሁሉ እሰድባለሁ። ዓይኔን ልጠራጠር? ምን ሲደረግ! የሩቅ መኪና ታርጋ ሳይቀር አነባለሁ።

እንግዲህ እንዲህ ባለሁበት ሰሞን ነው የወንድሜ ልጅ ናሆም ላግባ ብሎ የመጣው። አባቱ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ካረፈ ቆይቷል። ከዚያ ወዲህ አባቱ እኔ ነኝ። ልጅቷ ሕይወት ትባላለች፤ አብረው ነው የሚሠሩት። እኔም አይቻታለሁ፤ እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ መሰለቻችሁ! አባቷን ግን አላውቃቸውም።

«ጋሼ፣ አባቷ ሻምበል አስፋው ቀላል ሰው አይደሉም» አለኝ ናሆም ሳሎን ቁጭ ብሎ እግሩን እያወዛወዘ። «ለታላቅ እህቷ የሄዱትን ሽማግሌዎች አርፍደው ስለመጡ ከበር ነው የመለሷቸው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሁለተኛ በሬን እንዳትረግጡ አሏቸው። ልጁም ተስፋ ቆርጦ ሌላ አገባ።» ፊቱ ቅጭም አለ። «ለእኔ እሁድ ጠዋት አራት ሰዓት ብለዋል። ካለፈ አለፈ ነው። ጋሼ፣ እኔ ያለ ሕይወት መኖር አልችልም፤ እንዲያው ዕወቀው።»

«አንተ ልጅ፣ የላክኸው ማንን እንደሆነ ረሳህ?»

«አልረሳሁም። ደግሞ እንደማያውቁ ሆነው ነው የሚቀበሏችሁ። ማን ናችሁ፣ ከየት መጣችሁ ይላሉ። እንዳትደናገጡ።»

ሳቅኩበት። የሴት አባት እንደማያውቅ ካልሆነ ምኑን የሴት አባት ሆነ? ወጉ እኮ ነው። ሽማግሌ እንደሚመጣ ያውቃል፣ ምን ሊል እንደሚመጣ ያውቃል፣ ግን ዱብ ዕዳ እንደወረደበት ሰው ይሆናል። እኛም የልጅቷን ስም ሳንጠራ፣ ዙሪያውን እየዞርን፣ ቆመን እንለማመጣለን። ጎበዝ አባት ሲያጋጥም ቲያትር ማለት ነው።

«ሎኬሽኑን በስልክ ልላክልህ?» አለኝ።

«በአፍህ ንገረኝ! ስልክ እየተከተልኩ ሽምግልና አልሄድም።»

«እሺ። ከሀይሌ ጋርመንት ወደ ላፍቶ ስትወጡ መድኃኒት ቤቱ ጋ ወደ ውስጥ የሚገባ ኮብልስቶን አለ። እሱን ይዛችሁ ግቡ። በስተቀኝ አረንጓዴ የብረት በር ነው። በዚያ መንገድ አረንጓዴ በር እሱ ብቻ ስለሆነ አትሳሳትም።»

አትሳሳትም አለኝ፤ እኔም እንዴት እሳሳታለሁ አልኩ።

እሁድ ሦስት ሆነን ተነሣን። እኔ፣ አብሮ አደጌ በቀለና የንስሐ አባቴ አባ ገብረ ጻድቅ። በቀለ ማለት ለቅሶ ቤት ሳይቀር የሚያስቅ ሰው ነው። አባ ደግሞ ጥቂት የሚናገሩ፣ የተናገሩት የማይወድቅ ሰው ናቸው። ነጭ በነጭ ለብሰን በበቀለ አሮጌ መኪና ገባን። ሀይሌ ጋርመንት ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ስንጉላላ ላቤ መጣ። እንደምንም አልፈን፣ መድኃኒት ቤቱን አግኝተን፣ ኮብልስቶኑን ይዘን ገባን። በስተቀኝ በሩን አየሁት።

«ቁም! ይኸውልህ።»

በቀለ መኪናውን አቆመና አንገቱን በመስኮት አወጣ። «መኮንን፣ ይሄ እኮ ሰማያዊ ነው።»

«ምን ሰማያዊ አለው? አረንጓዴ ነው። ትንሽ ፀሐይ በልቶት ነው እንጂ አረንጓዴ።»

«ወንድሜ፣ ይሄ አረንጓዴ ከሆነ ሰማዩም አረንጓዴ ነው ማለት ነው።»

«አንተ ደሞ ሽምግልና ላይ ቀልድ! አባ፣ እርስዎ ይፍረዱ።»

አባ ከኋላ ሆነው የእጅ ሰዓታቸውን ተመለከቱ። «ልጆቼ፣ እናንተ ቀለም ስታማርጡ ሰዓቱ እንዳያልፍ» አሉ።

«በቃ እሺ፣ የወንድምህ ልጅ ነው፤ አንተ ታውቃለህ» አለ በቀለ። «በኋላ አልነገርከኝም እንዳትል ብቻ።»

አንኳኳሁ። የከፈቱልን ቱታ የለበሱ፣ የአትክልት ውሃ ማጠጫ ጎማ በእጃቸው የያዙ፣ ሸበቶ ሰው ናቸው። ከላይ እስከ ታች አዩን።

«አቤት?»

«እንደምን አደሩ፣ የእግዜር እንግዶች ነን» አልኩ ጎንበስ ብዬ።

«የእግዜር እንግዳ? እንዴ... ግቡ ግቡ። ማንን ፈልጋችሁ ነው?»

በቀለን በክርኔ ጎሸም አደረግሁት። ጀመሩ ማለቴ ነው። ቱታውንም ወድጄላቸዋለሁ። ሌላው አባት እኮ ሱፍ ለብሶ ደጅ ደጅ ሲያይ ይያዛል። እሳቸው ግን ጎማ ይዘው! ሻምበል ማለት እንዲህ ነው አልኩ በሆዴ።

ሳሎን ገባን። ባለቤታቸው እትዬ ሙሉ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ከጓዳ ወጡ። ምግብ የለ፣ የተጠራ ዘመድ የለ፣ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣና የተበላበት የቁርስ ሳህን። «ተቀመጡ እንጂ» አሉን።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አልኩ።

ባል ሚስትን አዩ፤ ሚስት ባልን አዩ። እንዴት ያለ ትወና ነው እናንተዬ!

«ምን ጉዳይ?» አሉ ሰውየው። «ሰው ሞተ እንዴ?»

ይቺን ማንም አባት ሲላት ሰምቼ አላውቅም። አደነቅኳቸው። ጉሮሮዬን ጠርጌ ጀመርኩ። «ሞትስ የለም፤ የመጣነው ለሕይወት ነው። ልጃችን ከእርስዎ ቤት ተጠግቶ ሰው መሆን ተመኝቷል። ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን፣ ዝምድናችሁን ፈልገን ነው ደጅዎ የቆምነው።»

«ልጄን?»

«ልጅዎን።»

«ልጄን የት ያውቃታል?»

«ሰውና ሰው የሚተዋወቀው እግዜር ባገናኘው ቦታ ነው» አልኩ። ይህቺ የራሴ ናት፤ ብዙ ቤት ሠርታልኛለች።

ሰውየው ሶፋው ላይ ዝርፍጥ ብለው ተቀመጡ። እትዬ ሙሉ አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። ልባቸው እየራራ ነው ብዬ ልቀጥል ስል ከውስጥ ክፍል የሆነ ነገር ጓ ብሎ ወደቀ። ቀጥሎ የሴት ልጅ ድምፅ፣ በስልክ የምታወራ፣ ልታንሾካሹክ የሞከረች ግን ያልቻለች።

«አንተ ብሩክ ጤና የለህም እንዴ?! ሽማግሌ ስትልክ ለእኔ አትነግረኝም? ምን? እንዴት አልላክሁም ትለኛለህ፣ ቄስ ሳይቀር ቆመዋል እኮ!»

እትዬ ሙሉ ወደ ክፍሉ በር ዞሩ።

«ብሩክ?» አሉ እትዬ ሙሉ። «ብሩክ ማነው?»

አባ ቀስ ብለው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «የልጃችን ስም ናሆም አልነበረም እንዴ?»

በቀለ ደግሞ ጣራ ጣራውን እያየ «መኮንን፣ ያቺን የሰማያዊዋን ነገር እስቲ አሁን እናንሳት» አለ።

«ይቅርታ ሻምበል...» ብዬ ጀመርኩ።

«ሻምበል? ኧረ እኔ ሻምበል አይደለሁም። ደምሴ እባላለሁ፤ የጂኦግራፊ መምህር ነበርኩ። ሻምበል አስፋውን ከሆነ ከእኔ ቀጥሎ ነው፣ አረንጓዴው በር።»

«ታዲያ የእርስዎስ አረንጓዴ አይደለም እንዴ?»

ጋሽ ደምሴ ሊስቁ ከንፈራቸው ተላቆ ነበር። ይህን ስላቸው ሳቁን ተዉት። አተኩረው አዩኝ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ሳይ አራት አልፏል። የናሆም ፊት መጣብኝ። «ልጁን ገደልኩት! ልጁን በቁሙ ገደልኩት!» ብዬ እጄን ሳወራጭ አንድ ነገር መታሁ፤ ኳ ብሎ ተሰበረ። እትዬ ሙሉ ለካ ደንግጦ ነው ብለው ውሃ ይዘውልኝ በግራዬ ቆመው ነበር። እግዜር ያሳያችሁ፣ ሴትዮዋን ከነብርጭቋቸው አላየኋቸውም።

«ከመቼ ጀምረው ነው የቆሙት?» አልኩ።

«እንዴ ጋሼ፣ ይቀበሉኝ እያልኩ!» አሉ እትዬ ሙሉ።

ጋሽ ደምሴ ተነሡ። ከጠረጴዛው ላይ የውሃ ፕላስቲክ ቀይ ክዳን አንስተው ፊቴ ያዙት። «ግራ ዓይንዎን ይሸፍኑ። ምንድነው?»

«ጌታዬ፣ ሰዓት እያለፈብን...»

«ምንድነው ቀለሙ?»

«ቀይ ነዋ!»

«አሁን ቀኙን ይሸፍኑ።»

ሸፈንኩ። ክዳኑ ያው ክዳን ነው። ቀለሙ ግን ምን ልበላችሁ፣ ብዙ ጊዜ የታጠበ ጨርቅ ሆነብኝ። አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ እያየሁ ብዙ ቆየሁ። ሁለቱ ዓይኖቼ አንዱን ክዳን በሁለት ቀለም ያዩታል። ያን ጊዜ ፍርሃት ያዘኝ። በሕይወቴ ብዙ ነገር ፈርቻለሁ፤ እንደዚያ ግን ፈርቼ አላውቅም።

«እኔን እንዲህ ነበር የጀመረኝ» አሉ ጋሽ ደምሴ በዝግታ። «ክፍል ውስጥ ካርታ ሰቅዬ አስተምራለሁ። ሰማያዊው ባሕር ነው፣ አረንጓዴው ቆላ ነው። አንድ ቀን በዱላዬ ባሕሩን እያሳየሁ ‘ይህ ለም ሜዳ’ ስል ተማሪው በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔ ልጆቹ ጨዋነት አጡ ብዬ ተቆጣሁ። ሐኪም ቤት የሄድኩት ብዙ ቆይቼ ነው። ግላኮማ ነው አሉኝ። አያምም፣ አያሳክክም፣ ከዳር ከዳር ነው የሚበላው። ይኼኛው ዓይኔ አሁን ጌጥ ነው፤ የቀረውን በጠብታ ነው የያዝኩት።» ከዚያ ጠየቁኝ። «በቤተሰብ ዓይኑ የጠፋ ሰው ነበር?»

«ወንድሜ» አልኩ። «የምናገባለት ልጅ አባት። መጨረሻው ላይ በዘንግ ነበር የሚሄደው። እርጅና ነው ብለን...»

«ስንት ዓመቱ ነበር?»

በጣቶቼ መቁጠር ጀመርኩ። ወንድሜ ዘንግ የያዘው ሃምሳ ሳይሞላው ነው። ያን ሁሉ ዘመን እርጅና ስንል አንዳችንም ዕድሜውን አልቆጠርንም።

በቀለ እንኳ ያን ጊዜ ቀልድ አጣ። አባ ናቸው ያነቁን። «ለዓይኑ ሐኪም አለው፤ ለሰዓቱ ግን ሐኪም የለው። እንሂድ።»

«እኔ እወስዳችኋለሁ» አሉ ጋሽ ደምሴ። ቱታቸው ላይ ኮት ደርበው፣ ነጠላ ጣል አድርገው ወጡ። ከኋላችን እትዬ ሙሉ «ሰላም! እስቲ ወዲህ ነይ፣ ብሩክ ማነው?» ሲሉ እየሰማን በሩን ዘጋን። ምስኪን ልጅ!

ሻምበል አስፋው አረንጓዴው በር ላይ ቆመው ነበር። ሱፍ ለብሰዋል፣ ከረባት አስረዋል፣ እጃቸውን ከኋላ አጣምረዋል። ከኋላቸው ግቢው ውስጥ ዘመድ ወዳጁ ተሰብስቦ ወንበር ላይ ተደርድሯል። እንደማያውቅ መሆን የለ፣ ማን ናችሁ የለ።

«አራት ሰዓት ነበር ያልኩት» አሉ።

ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ በነነ። «ሻምበል፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። «ልጁ አረንጓዴ በር ብሎ በትክክል ነግሮኛል። ይህም ወዳጄ ሰማያዊ ነው ብሎኛል። ዓይኔ ነው የከዳኝ። እኔን ይቀጡኝ፤ በልጁ ግን አይፍረዱበት። አባት የለውም፤ ያለሁት እኔ ነኝ።» ይህን ስል እንባዬ መጣ፤ አላፍርም።

«አስፋው» አሉ ጋሽ ደምሴ፣ «ሰዎቹ አላረፈዱም። አራት ሰዓት ሳይሞላ እኔ ቤት ነበሩ። ቆመው ልጄን ሲለምኑኝ ነው የቆዩት።»

«ሰላምን?!»

«ሰላምን።»

የሻምበል ጢማቸው ተንቀጠቀጠ። «ሰጠሃቸው?»

«ልሰጥ ምንም አልቀረኝም ነበር፤ ንግግራቸው ግሩም ነው።»

ሻምበል ሳቃቸውን ሊይዙት ሞከሩ፤ አልቻሉም። እጃቸውን በሩ ላይ ደግፈው ሳቁ፤ የግቢው ሰው ሁሉ ምን ተፈጠረ ብሎ ብድግ አለ። «ግቡ እባካችሁ፣ ግቡ» አሉ በመጨረሻ።

ገባን፤ ቆመን ለመንን፤ እሳቸውም በወጉ መሠረት ሰሙን። ከዚያ አባ የናሆምን አባት ስም ሲያነሱ ሻምበል ድንገት ኮስተር አሉ። «ቅድም ዓይኔ ከዳኝ ብለዋል። ስለ ልጁ አባትም ሕይወት ነግራኛለች፤ እርጅና ነው ሲባል ዓይነ ስውር ሆነው ነው ያረፉት አይደል?»

አለቀልን አልኩ። ዓይን ከማያይ ዘር ልጄን አልሰጥም ሊሉ ነው።

«አዎ» አልኩ።

«ይህ በሽታ በዘር እንደሚሄድ ከደምሴ ሰምቻለሁ፤ እንግዲያው ቅድመ ሁኔታ አለኝ» አሉ። «የዛሬ ልጆች ሊጋቡ ሲሉ ደም ይመረመራሉ። የእኔ አማች ዓይኑንም ይመረመራል። እርስዎም አብረውት። ውጤቱ የፈለገውን ይሁን፣ ልጄን እሰጣለሁ፤ ቃሌ ነው። ሳይመረመር ግን አልሰጥም። ልጄ ባሏ እርጅና ነው እየተባለ በወጣትነቱ በዘንግ ሲሄድ እንድታይ አልፈልግም።»

ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ያዙኝ። ሽማግሌ ሆኜ ብዙ ቀጠሮ ተቀብያለሁ፤ የሐኪም ቀጠሮ ተቀብዬ ስወጣ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ሳምንቱ ሳያልቅ ናሆምና እኔ ዓይን ሐኪም ዘንድ ተቀመጥን። የዓይኔን ግፊት ለኩ፤ ውስጡን በመብራት አዩ። ከዚያ ጎድጎድ ያለ ነገር ላይ አገጬን አስደግፈው «ብልጭ የሚል መብራት ባዩ ቁጥር ይህን ቁልፍ ይጫኑ» አሉኝ። ቀኜን ከሞላ ጎደል በደህና ጨረስኩ። የግራዬ ተራ ሲደርስ ተቀምጬ ብጠብቅ፣ ብጠብቅ፣ ብልጭታ የለም።

«ልጄ፣ መሣሪያው ተበላሸ መሰለኝ» አልኳት ዶክተሯን።

«አይ አባቴ» አለችኝ ቀስ ብላ። «እየበራ ነው።»

ይህቺ «እየበራ ነው» እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም። የግራ ዓይኔ ብዙው ሄዷል፤ የሄደው አይመለስም። ቀኙም ተነክቶ ነበር፤ እሱ ግን ተይዞልኛል። ቀለም የተምታታብኝ የዓይኔ ነርቭ ስለተጎዳ ነው አለችኝ። ዓይን ሰማያዊና አረንጓዴን፣ ቢጫና ነጭን ማምታታት ሲጀምር ሰው ጨርቁ ለቀቀ፣ ቀለሙ ፀሐይ በላው ይላል እንጂ ዓይኔ ነው አይልም። ልክ እንደ እኔ።

ናሆምስ? የናሆም ግፊት ከፍ ብሎ ተገኘ። እይታው ግን ገና አልተነካም፤ ብልጭታዎቹን አንድ በአንድ ተጭኖ ጨረሰ። «በጥሩ ጊዜ መጣህ» አለችው ዶክተሯ። ውጪ ወጥተን በረንዳው ላይ አቀፈኝና አለቀሰ። «ጋሼ፣ ያን ቀን ትክክለኛውን በር አንኳኩተህ ቢሆን እኮ...» አለና መጨረስ አቃተው። እኔም አልጨረስኩለትም። ወንድሜን አሰብኩ፤ ለእሱ በር የሚሳሳትለት ሰው አልነበረውም።

ሠርጉ ተሠረገ። ሻምበል ከእኔ ጋር እስክስታ ወረዱ፤ በስንት ልመና መሰላችሁ! ካልሲዬን አሰለፈች ናት የመረጠችልኝ። አሁን እሷ የምትለውን አደርጋለሁ። እልኸኝነቴ ሙሉ በሙሉ ለቀቀኝ ብላችሁ አታምኑኝም፣ ግን በቀለም ጉዳይ እጄን ሰጥቻለሁ። ማታ ማታ ደግሞ ጋሽ ደምሴ ይደውላል፤ አንተ ከተባባልን ቆየን። «ጠብ አደረግክ?» ይለኛል። «አደረግኩ፤ አንተስ?» እለዋለሁ። ጠብታዋ ትቆጠቁጣለች፣ ትሰለቻለች፣ አንድ ቀን ትዝለል ያሰኛል። የእሱ ስልክ ግን አያዘልልም።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ካልሲ የተሳሳተ ሁሉ ግላኮማ አለበት አልላችሁም። ግን በቤታችሁ «እርጅና ነው» ተብሎ የተተወ ዓይን ካለ ወይም ከነበረ፣ ዕድሜውን ቁጠሩ። እናንተም ሂዱና ታዩ። እስኪያማችሁ አትጠብቁ፤ ይህ ነገር አያምም። ሚስታችሁ ስለ ቀለም ስትጨቀጭቃችሁም አንድ ጊዜ ስሟት፤ የእኔዋ ስንት ጊዜ ነግራኛለች።

የቀረችኝን ነግሬያችሁ ላብቃ። ባለፈው ሰሞን አንድ ረዘም ያለ፣ አንገቱን የደፋ ወጣት ቤቴ መጣ።

«ጋሽ መኮንን፣ ብሩክ እባላለሁ» አለኝ።

ሳቄን ዋጥኩ። «የትኛው ብሩክ?»

«ያ... ያው ብሩክ። ሽማግሌ እንዲሆኑልኝ ነው የመጣሁት። ሰላም ራሷ ናት እሳቸውን ላክ ያለችኝ። ቤቱንም ያውቁታል ብላ ነው።»

እሁድ ጠዋት ያንኑ ኮብልስቶን ይዘን ገባን፤ በቀለ፣ አባና እኔ። በሩ ፊት ቆምኩ። በቀለ አፉን ሊከፍት ሲል በእጄ አስቆምኩት። ለእኔ ዛሬም አረንጓዴ ነው፤ ትንሽ ፀሐይ የበላው አረንጓዴ። አንኳኳሁ። ከውስጥ የጎማ ውሃ ድምፅ ቀጥ አለና ጋሽ ደምሴ ሳይከፍት ጮኸ።

«ማነው?»

«የእግዜር እንግዶች ነን።»

«የትኛውን በር ፈልጋችሁ ነው?»

«ሰማያዊውን» አልኩት።

ከፈተ። ቱታውን ነበር የለበሰው።